ላንጋኖ ሰማያዊ አይደለም

ውድ ኪሩ፣

ይህን ደብዳቤ በወረቀት የጻፍኩልህ ስላረጀሁ አይደለም። በዚህ ሳምንት ሁለት ኢሜይል ልኬልህ ነበር፤ አንዱንም አልከፈትከውም። እንዴት አወቅሽ ብለህ እንዳትደክም። የተላከውን ማን እንደከፈተና ማን እንዳልከፈተ የሚያሳየውን ገጽ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ሰው ሁሉ ኢሜይሉን እንዲከፍትለት የሚለምን ልጅ የገዛ አክስቱን ካልከፈተ፣ የቀረኝ ምልኬሳ ብቻ ነው። እሱ በሻሸመኔ መስመር ሚኒባስ ስለሚነዳ፣ ቡልቡላን አልፎ አንተ ጋ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ይህን ፖስታና አንድ ኬሻ ጤፍ ያወርድልሃል። የጤፉን ነገር እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብብ።

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከጉልበቴና ከአንተ በቀር ብል ይሻላል።

በመስከረም ወደ አዳማ መጥተህ እዚህ በረንዳ ላይ የተቀመጥክበትን ቀን ታስታውሳለህ? ላንጋኖ ዳር አራት ክፍል ተከራይተህ፣ አልጋና መጋረጃ ገዝተህ፣ ለማስታወቂያ አንድ ብር አልተረፈህም ነበር። «አክስቴ፣ ፋሲካን ባዶ ካሳለፍኩ ቁልፉን ለባለቤቱ መልሼ አዲስ አበባ ቢሮ እገባለሁ» አልከኝ። ቀጥለህም «እኔ ገንዘብ የለኝም፤ አንቺ ግን ሰው አለሽ» አልክ። ቴሌግራም ላይ ሁሉም ስለሚጮህ ማንም እንደማይሰማ፣ ኢሜይል ግን እንደ ደብዳቤ በየሰዉ ስም እንደሚደርስ አስረዳኸኝ። እናትህ ወለንጪቲ ስትሠራ ቤቴ ያደግህ ልጅ ነህና እየሸነገልከኝ እንደሆነ አልጠፋኝም። ደብዳቤ ማለትህ ግን ልቤ ገባ። እሺ አልኩህ።

እንዴት እንደሰበሰብኩ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ አሁን ልንገርህ። መናኸሪያው አጠገብ ካለው የኑሬ ስልክ ቤት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እዚያ? ከዚህ ከተማ ሰው አብዛኛው ኢሜይል አለው፤ ግን እንዳለው አያውቅም። ስልክ ሲገዛ ኑሬ ነው የሚከፍትለት። አንዱን ሰውዬ «ኢሜይል አለህ?» ብለው «ኧረ የለኝም እማማ» አለኝ። ኑሬ ከውስጥ ሆኖ «አለህ እንጂ! ስልኩን ስሸጥልህ እኔ አይደለሁ የከፈትኩልህ? ከተከፈተ ጀምሮ አልገባህበትም» አለው። «እንግዲያው እንዴት እንደሚገባበት አሳየው» አልኩት። ኑሬ እጁን አነሳ። «ቲቸር፣ እኔ ስልክ ልሽጥ ወይስ ትምህርት ቤት ልክፈት?» እያጉረመረመም ቢሆን አሳየው። ለሁሉም አሳየ። ወጪያችን አንድ እሽግ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር፤ ኢሜይሉን ለሁሉም በአንዴ የሚልከው የኢንተርኔት አገልግሎት ደግሞ ስሞቹ ጥቂት እስከሆኑ ድረስ በነፃ ነው።

ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። የድሮ ተማሪዎቼ ገና ሲያዩኝ ይነሳሉ። ምን እንደምፈልግ ሳይሰሙ አድራሻቸውን ይሰጡኛል። ቲቸር ጠይቃ እምቢ አይባልማ! እኔ ደግሞ በይሉኝታ የተሰጠ አድራሻ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሳይከፈት ይኖራል። ስለዚህ እያንዳንዱን «ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በወር አንድ ገጽ እጽፍልሃለሁ፤ የልጄን ማረፊያም እነግርህ ይሆናል፤ ካልፈለግህ አሁኑኑ እምቢ በል» እለው ነበር። እምቢ ያሉ ነበሩ፤ አመሰገንኳቸው። እሺ ያለውን አድራሻውን በራሱ እጅ አስጽፌ፣ ፊደል በፊደል መልሼ አነበብኩለት። እስከ ገና ሁለት መቶ ያህል ሰው ሆነ። አንተ በስልክ «በቃ? አራት ወር ፈጅተሽ?» አልከኝ።

በጥር አንተ ጋ መጥቼ አድሬ፣ ያየሁትን ጽፌ ለሁሉም ላክሁ። ሚኒባስ የት እንደሚያወርድ፣ ከመገንጠያው እስከ ግቢው ፀሐዩ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ኮፍያ መያዝ እንደሚያስፈልግ፣ የሐይቁ ውኃ ቡናማ የሆነው ለምን እንደሆነ፤ ደቃቅ አፈሩ ውስጡ ተንሳፎ ስለሚቀር እንጂ ስለቆሸሸ እንዳልሆነ። ከግማሽ በላይ ሰው ከፈተው። ወለንጪቲ ግብርና ቢሮ የሚሠራው ጉተማ፣ ለልጆቹ ጮክ ብሎ እንዳነበበላቸው መልሶ ጻፈልኝ። አንተስ ምን አልክ? «አክስቴ፣ ይሄ ትምህርት ነው እንጂ ሽያጭ አይደለም። ፓስወርዱን ላኪልኝ።»

ላክሁልህ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። በየቀኑ ላክህ፤ አንዳንድ ቀን ሁለቴ። «ዛሬ ካልያዙ ያመልጥዎታል» ብለህ ሦስት ቃለ አጋኖ ደረደርህ፤ እኔ በዕድሜዬ ሁለቱን እንኳ ጎን ለጎን አቁሜ አላውቅም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾም ላይ በነበረበት ሰሞን፣ በምሳ ሰዓት፣ በቅቤ የራሰ ክትፎ ፎቶ ላክህ። የት ነው ያደግኸው ኪሩ? ከሁሉም በላይ ግን ሐይቁን ሰማያዊ ቀባኸው። እንደ ሰማይ ሰማያዊ! ከፎቶው ሥር ደግሞ «የእናንተው ቲቸር ዘመናይ» ብለህ ፈረምክ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት የድሮ ተማሪዎቼ ቆመዋል። ጉተማ ኮት ለብሷል። ፋርማሲ ያላት ሑስና ዘይትና ስኳር የያዘ ዘንቢል አንጠልጥላለች። ምልኬሳ ኬሻ ተሸክሞ ያለከልካል።

«ቲቸር፣ አካም ጂርቱ» ሲል ጉተማ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ገቡ። ለቅሶ እንደመጣ ሰው ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

«ማን ሞተ?» አልኳቸው።

«ማንም አልሞተም» አለች ሑስና። «እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«እውነቱን ይንገሩን፣ ቲቸር።»

«ጉልበቴን ያመኛል። ምንድን ነው ነገሩ?»

ጉተማ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተማሪዎችዎ ተሰብስበን ተነጋግረናል። ኮሚቴም አቋቁመናል።»

«የምን ኮሚቴ?»

«የእርስዎ።»

ምልኬሳ አላስጨረሰውም። «ቲቸር፣ በየቀኑ ሲጽፉልን፣ ኑ ኑ ሲሉን፣ ችግር ገጥሟቸዋል፣ አፍ አውጥተው መናገር ከብዷቸው ነው አልን። ያቅማችንን ይዘን መጣን። ጤፉ ማኛ ነው።»

«በየቀኑ መጻፍዎስ ይሁን» አለ ጉተማ። «እኛ የደነገጥነው ላንጋኖን ሰማያዊ ሲሉ ነው።»

«እኔ በእርስዎ ፈተና ላይ ሰማያዊ ብዬ አምስት ማርክ ነው የቀነሱብኝ!» አለ ምልኬሳ።

«ሁለት ነው» አልኩት።

ሑስና ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ይህን ያስታውሳሉ?»

«ለምን አላስታውስም?»

«እኔ የመርሳት ነገር ጀምሯቸው ይሆናል ብዬ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አስይዤልዎታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት።»

ሳቅህ አይደል? እኔም ዛሬ ስጽፈው ትንሽ ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሴት፣ በገዛ ስሜ ላንጋኖን ሰማያዊ ብዬ፣ ተማሪዎቼ አእምሮዋን ስታለች ብለው ጤፍ ተሸክመው መጡ። «እኔ አይደለሁም የጻፍኩት፤ የእህቴ ልጅ ነው» አልኳቸው። እፎይ ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም።

«ስምዎ ግን ከሥሩ አለ» አለች ሑስና። «እኔ አድራሻዬን የሰጠሁት ለእርስዎ ነው፣ ቲቸር።»

አንተ ብትሆን ምን ትመልስላት ነበር?

«ታዲያ ካስቸገራችሁ ለምን ከዝርዝሩ አልወጣችሁም? መውጫው ከሥር ተጽፏል» አልኩ።

ምልኬሳ ሳቀ። «ከእርስዎ ክፍል ሳያስፈቅድ የወጣ ማን አለ?»

ይሄውልህ ኪሩ። አንተ ሁለት መቶ ሰው አለኝ ብለህ ስትቆጥር፣ ግማሹ መልእክትህን መክፈት ትቷል፤ ቀሪው እኔን አክብሮ በሩን ከፍቶ መውጣት አፍሮ ተቀምጧል። እንግዳ የምትለው ይህንን ነው?

ሻይ አፈላሁላቸው። ሑስና ስኒዋን ይዛ «ለመሆኑ ክፍሎቹ አጎበር አላቸው?» አለች። «ለልጆች አልጋ ይጨመራል? ውኃው ዳር ዳሩ ጥልቅ ነው? የምሰግድበት ጥላ ያለው ቦታ አለ?» ጉተማ ሌሊት መብራት ይጠፋ እንደሆነ ጠየቀ። በዚያ ሁሉ መልእክትህ ውስጥ ለእነዚህ አንድም መልስ አልነበረም። እኔ ያደርኩበት ስለሆነ የማውቀውን ነገርኳቸው፤ የሁለተኛው ክፍል አጎበር መቀደዱንም ጭምር። እስኪመሽ ተጫወትን። ሲሄዱ ጤፉን መልሱ ብል እሺ አላሉኝም። የቀጠሮውን ወረቀት ግን ሑስና ቀደደችው።

ያን ዕለት የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። በማግስቱ ለሁሉም አንድ አጭር መልእክት ላክሁ፦ ሐይቁ ቡናማ ነው፤ ሰሞኑን የደረሳችሁን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ያስጻፈው ግን የኔ ቸልታ ነውና ይቅርታ። መቆየት የምትፈልጉ «ልቆይ» ብላችሁ መልሱልኝ፤ መልስ ያልሰጠኝን እሰርዛለሁ፤ አልቀየምም። እስከ ረቡዕ ጠበቅሁና «ልቆይ» ያላለውን ሁሉ ሰረዝኩ። አርባ የማይሞላ ሰው ቀረ።

አንተም ደወልክ። «የለፋንበትን በተንሽው! ፋሲካ ደርሶ እያለ ሰዎቼን ገደልሽብኝ!» ብለህ ጮህክ። ሰዎችህ አልነበሩም፣ ልጄ። መልስ ሳልሰጥህ ስልኩን ዘጋህብኝ። ከዚያ ነው ሁለቱን ኢሜይል የላክሁልህ።

አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአርባዎቹን ስም አድርጌልሃለሁ፤ ከየስሙ ጎን ምን እንደጠየቁኝ ጽፌበታለሁ። ልትጽፍላቸው ትችላለህ። በወር አንዴ፤ በራስህ ስም፤ ለጠየቁት መልስ እየሰጠህ። በስሜ መፈረም ከፈለግህ መጀመሪያ ለእኔ ላክልኝ፤ በቀይ አርሜ እመልስልሃለሁ። አንድ ሰው ልውጣ ካለህ በዚያው ቀን አውጣው። ማንንም ያለ ፈቃዱ አታስገባ። የዕድራችንን መዝገብ ስጪኝ ያልከኝን ደግሞ ሁለተኛ እንዳልሰማ። ሰው ስሙን እዚያ ያስመዘገበው እንዲቀበር እንጂ ክፍል እንዲከራይ አይደለም።

ጤፉን ለእንግዶችህ አስጋግርበት። ባንተ ውሸት የመጣ ጤፍ እኔ ቤት አይበላም፤ ለእውነተኛ እንግዳ ሲቀርብ ግን ይባረክ ይሆናል። እንግዳ ደግሞ ይመጣል። የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ በምልኬሳ ሚኒባስ፦ ሑስና ከእናቷና ከልጆቿ ጋር ሁለት ክፍል፣ ጉተማ ከቤተሰቡ ጋር አንድ። አራተኛውን ለእኔ ያዝልኝ፤ ከፍዬ ነው የማድረው። ሁለት ሌሊት ነው፤ ዓመቱን አያቆይህም፤ ፋሲካህ ግን ባዶ አይሆንም። ቁልፉን ለመመለስ እንዳትቸኩል። አጎበሩን ስፋ።

ሑስና ትናንት ክፍሉን ለማረጋገጥ ስትደውል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ ውኃው ቡናማ ነው አይደል?»

«ቡናማ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው እንመጣለን» አለች።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ ስልክህን አውጥተህ ሁለቱን ኢሜይሎቼን ክፈታቸው። ስትከፍታቸው ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።

የምትወድህና ያናደድካት አክስትህ፣
ዘመናይ
አዳማ፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ