ባዶ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ይድረስ ለልጄ፤ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የሚያፈሰው ጣሪያም ተጠግኗል።

የልጅሽን ነገር ግን አልደብቅሽም። ምግብ አልቀምስ ብትለኝ ምሳዋን ጨዋታ አደረግኩት፤ ካሮቱን በአበባ ቅርጽ እቆርጣለሁ፣ ለተቀቀለው እንቁላል ዓይንና አፍ እሠራለታለሁ። ምሳ ዕቃው ባዶ ሲመለስ ደስ ብሎኝ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ለካ ለጓደኞቿ ታድለው ኖሯል። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐኪሙ "ይቺ ልጅ ሳትበላ ስንት ቀኗ ነው?" ሲለኝ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ "ለምን፣ የኔ እናት?" አልኳት።

"አያቴ፣ እማዬ የሄደችው እኔ እንድበላ ነው አላልሽኝም? ካልበላሁ ትመጣለቻ!"

እውነቷን ነው። አንድ ጉርሻ ላስውጣት ብዬ በየቀኑ የምላት እኔው ነኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አሁን ሾርባ በማንኪያ ትቀምሳለች፤ ዓይኗ ግን በር በሩን ነው። እኔን ከእንግዲህ አታምነኝም። እኔም ምግብ ይዤ ስምሽን አላነሳም። እባክሽ ልጄ፣ ደውለሽ በራስሽ አፍ የምትመጪበትን ቀን ንገሪያት። ቀኑን የማታውቂው ከሆነም አላውቀውም በያት።

ሦስታችንንም በአንድ ማዕድ ያገናኘን።

እናትሽ