ከልጃችን የሚያንስ ሐይቅ

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን

ይድረስ ለረጅሙ ባለቤቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትህ ላይ አልጠናብህም? እኛ ደህና ነን። ልጃችን ሆስፒታሉ ውስጥ ቋሚ ነርስ ሆናለች። ቁመትህን ወርሳ በር ስታልፍ እንደ አንተው ጎንበስ ትላለች። ይህን የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ያደረግሁትን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። ይቅርታ ልጠይቅህም አይደለም፤ እሱን ከአሁኑ እወቀው።

ባለፈው ወር አዲሱ የመሥሪያ ቤታችን ዳይሬክተር አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ያንን ሠንጠረዥ ዘርግቶታል። ደን ሲቃጠል፣ ረግረግ ሲታረስ፣ ሸለቆ በውሃ ሲሞላ ከሀገራችን መሬት የወጣው ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ሚቴን፣ የሠላሳ ዓመቱ፣ ዓመት በዓመት። አንተና እኔ ዕድሜያችንን የጨረስንበት። ከጎኑ ያለው የግራፍ መስመር ምንም እንዳልተፈጠረ ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርዳል።

"ከውጭ ገምጋሚዎች ይመጣሉ" አለኝ። "እርስዎ ነባር ባለሙያ ነዎት። ትክክል ነው ብለው ይፈርሙልን።"

"ሸለቆውስ?" አልኩት።

"የትኛው ሸለቆ?"

"ግድቡ የዋጠው ነዋ!"

"እሱማ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው። የተፈጥሮ ሐይቅ የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ እኛ ላይ አይቆጠርም። ፋይሉን ይመልከቱ፤ የፈረሙት ባለቤትዎ ናቸው።"

ፋይሉን ገለጥኩት። ያ ጅራቱ የረዘመ ፊርማህ እዚያው ቁጭ ብሏል።

የፈረምክበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ወጥ ቤት ቆመን፣ "አንድ ቃል ብቻ እኮ ነው የለወጥኩት" አልከኝ። "በአንድ ቃል ስንት ሺህ ዛፍ ደበቅክ?" አልኩህ። ከዚያ ወዲያ ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጋው ከመባባል በቀር ንግግር አልነበረንም። በዓመቱ የውጭውን ሥራ አገኘህና ሄድክ። ይኸው ስድስት ዓመት። እኔም እያወቅኩ ሰባት ዓመት ዝም አልኩ። የኔንም ጥፋት አልክድም። ዘንድሮ ግን ዝም የምልበት ሆድ አጣሁ።

ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ካርቶን አወረድኩ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? የመስክ ደብተሮችህ ግን አልቀለሉም፤ ክንዴን ነው የገነጠሉት! ሁሉም በእርሳስ፣ በዚያ በተንጋደደ ጽሑፍህ። "ግድቡ በሞላ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰሜን ዳርቻ። ውሃው እንደ ተጣደ ድስት ይንተከተካል። ከሥር የሰጠመው ደን እየበሰበሰ ነው።" ከሥሩ ልኬቱ፣ ጋዙን እንዲይዝልን ውሃው ላይ ከደፋነው ባልዲ ሥር በስሪንጅ የቀዳነው ጋዝ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ። ከሱ ሥር ደግሞ፣ "ባለቤቴ ባልዲውን እንዳቀፈች ከጀልባ ልትወድቅ ነበር። ሳቅን።" እዚያ ላይ ስደርስ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ልጃችን ከሥራ ስትገባ ደብተሮቹን አየቻቸው። "እማዬ፣ አባዬን ልታዋርጂው ነው?"

"የአባትሽ ውሸት በኮምፒውተር ነው የተጻፈው" አልኳት። "እውነቱን ግን በእጁ ነው የጻፈው። ሁለቱንም አሳያቸዋለሁ።"

አለቀሰች። አልከለከልኳትም። ከዚያ ፊቷን ታጥባ መጣችና ደብተሮቹን ዝናብ እንዳይነካቸው አንድ በአንድ በላስቲክ ጠቀለለቻቸው።

በስብሰባው ቀን ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበሩ። ዳይሬክተሩ ሠንጠረዡን ጅብ እንደሚያባርረው ሰው እየሮጠ ያነባል። ሸለቆው ጋ ሲደርስ ተነሣሁ።

"ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው" አለኝ።

"ጥያቄ የለኝም፤ መልስ ነው ያለኝ። ይህ ሐይቅ ከልጄ በስምንት ዓመት ያንሳል። ውሃው ሳይመጣ የሸለቆው ወለል ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ምሳዬን በልቻለሁ። ይህ የተፈጥሮ ሐይቅ ከሆነ እኔ ዓሣ ነኝ!"

አስተርጓሚዋ ከመተርጎሟ በፊት ሳቀች። ሲተረጎምላቸው እነሱ አልሳቁም። አንዷ፣ ሸበት ያለችው፣ መነጽሯን አድርጋ የሰጠኋትን ደብተርህን ከአስተርጓሚዋ ጋር ገጽ በገጽ አየችው።

"ይህን የጻፉት ማን ናቸው?"

"ባለቤቴ።"

"ሐይቁ የተፈጥሮ ነው ብለው የፈረሙትስ?"

"እሳቸውም ባለቤቴ ናቸው።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ፊርማህን ከደብተርህ ጎን አስቀመጥኩላቸው።

ሸለቆው ሠንጠረዡ ውስጥ ገባ። ግድቡ ከሞላ ወዲህ ያለው የአሥራ አምስቱም ዓመት። አሁን መስመሩ ውሃው በሞላበት ዓመት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ዛፉ በስብሶ እያለቀ ሲሄድ ይወርዳል፣ ግን ከግድቡ በፊት ወደነበረበት እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ "ሀገር አዋረዱ" አለኝ። "እኔ ሀገሬን ጭቃዋ ውስጥ ገብቼ ለክቼ ነው የማውቃት፤ እርስዎ በካርታ ነው" አልኩት። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ዓሣ ነኝ ስላልኩ መሰለኝ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የመለኪያ ጣቢያ ጣሉኝ! ከአስፋልቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ መብራት አንዳንዴ ይመጣል። ይቀጣታል ብለው ነው። ይሞክሩኝ። ሰኞ የጣቢያውን ጀልባ ቀለም ቀባኋት።

ካንተ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። "ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ በደብተሩ ያለው ልኬት ትክክል ነው" ብለህ ለገምጋሚዎቹ ጻፍ። እንጀራህን ሊያሳጣህ እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም ጻፍ። ባትጽፍም ሠንጠረዡ ወደ ኋላ አይመለስም፤ እኔም አልመለስም። ብትጽፍ ግን ልጃችን ደስ ይላታል። እኔም።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። የዝውውሩ ፎርም ላይ "የጋብቻ ሁኔታ" የሚል አለ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ነክሳ፣ "ስድስት ዓመት ሆኗችኋል፤ ተለያይተዋል ብዬ ልሙላው?" አለችኝ። ፎርሙን ከእጇ ወሰድኩና "ያገባች" ብዬ ራሴ ሞላሁት። በሐሰት እንደማልፈርም መቼም ታውቃለህ።

ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ብርዱን ያቅልልህ፤ እጅህን ለእውነት ይፍታልህ።

ባለቤትህ