ስንቆጥር የዘለልናቸው ሴቶች

ይድረስ ለወንድሜ ለቦንሳ፣ ሰመራ

ቦንሳ የእናቴ ልጅ፣ አካም ጂርታ? እንዴት ከርመሃል? ዶርቃስ ደህና ናት? ልጆቹስ፣ ለንሳና ትንሹ ጋሮማ? የሰመራ ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይስ እንደዚያው ነው? ያ ቀኝ ጉልበትህስ ተሻለው? ጋራዡስ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ዓይኗ ትንሽ ደከመ እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴ ተሻለ ማስተማሩን አልተወም፤ እቤትም መጥቶ እኛን ያስተምራል። ልጃችን ሃዊ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገባች። ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ዛሬ ወግ ለማሳመር አልተቀመጥኩም።

በዚህ በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን ይሉታል ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ጥፋቱ ያንተ ነው። ስልክ ላይ «ሐኪም» የምትል ቃል ከአፌ ስትወጣ ኔትወርክህ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ሆነ። ስለ ለንሳ ፈተና ስናወራ ግን የሰመራ ኔትወርክ ኩልል ያለ ነው፤ አይ አንተ! ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ይህንን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ቀነዓ ነው፤ በከባድ መኪና ወደ ጅቡቲ ሲወርድ በእናንተ በኩል ያልፋል። በዶርቃስ እጅ ስጥ ብዬዋለሁ። ለአንተ ቢሰጥህ ኪስህ ከተህ መኪና ሥር ትገባለህ፣ ከዚያ ዘይት ጠጥቶ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት ይቅር በለኝ። አምና ጥቅምት ላይ «ትርፍ አንጀት ነው፣ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው» ያልኩህ ውሸት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር። ቁጭ በልና አንብብ፣ አትደንግጥ፤ ድኛለሁ። ሥጋዬ ተመልሶ ቀሚሶቼ ጠበውኛል፣ ተሻለም እያሾፈብኝ ነው። ሩቅ ያለ ሰው አይደንግጥ እያልን ክፉ ወሬ መደበቅ ለምዶብን ነው እንጂ ንቄህ አይደለም። እውነቱን ለመናገር አንተ እንዲህ ብታደርገኝ አንድ ዓመት አላናግርህም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በደም ማነስ ነው። የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ሳወርድ ዓይኔ ይጨልማል። ደምም አይ ነበር። ኪንታሮት ነው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በቅባትና በክኒን አስታመምኩት። ለማን ይነገራል? መቀመጫን ለሐኪም ማሳየት ለእኛ ቤት ሰው ከሞት ይብሳል። በኋላ ሃዊ መጸዳጃ ቤት ገብታ ያየችውን አየችና ጮኸች፤ እያለቀሰች እጄን ይዛ አዲስ አበባ ወሰደችኝ።

እዚያ ኮሎኖስኮፒ የሚሉት ምርመራ አለ፤ ቀጭን ካሜራ በታች አስገብተው አንጀትን ከውስጥ ያዩበታል። የፈራሁትን ያህል አይደለም ቦንሳ። መርፌ ወግተው አስተኙኝ፣ ስነቃ አልቆ ነበር። የሚከፋው ዋዜማው ነው፤ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት ትጠጣና ከመጸዳጃ ቤት ጋር ትዛመዳለህ። የእኔ ሌላ ቦታ ሳይዛመት ተገኘ፤ ያንን የአንጀት ክፍል ቆርጠው አወጡልኝ። ትንሽ ቆይቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ነበር።

በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሶፎንያስ የሚባል ሐኪም አለ፤ ይህ በሽታ በአንዳንድ ቤተሰብ ለምን እንደሚደጋገም የሚያጠና ነው። አርባ ስድስት ዓመቴ መሆኑን አይቶ «ለዚህ በሽታ ገና ልጅ ነሽ» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ ይባረክ። አባባም በአርባ አራት ዓመቱ በሆዱ ሕመም መሞቱን ስነግረው እስክሪብቶውን አነሳና ዘራችሁን ጠንቅቆ የሚያውቅ ትልቅ ሰው አምጪልኝ አለ። ማንን እንዳመጣሁ መቼም ትገምታለህ።

አጎታችን ኦቦ ዳዲ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ዕርቅ ሊያወርድ የተጠራ ሽማግሌ መስሎ መጣ። ከዚያማ ቆጠራውን ጀመረዋ! የአባባ አባት፣ የእሱ አባት፣ የእሱም አባት እያለ ሳይንተባተብ አሥራ አንድ አባት ደረሰ። ዶክተሩ እያንዳንዱ በምን እንደሞተ ይጠይቃል፣ ኦቦ ዳዲም የሚያውቀውን ያህል ይመልሳል። አንዱ በእርጅና፣ አንዱ ከፈረስ ወድቆ፣ አያታችን ዘጠና አልፎት። በሆዱ የሞተ አንድም የለም። ኦቦ ዳዲ ደረቱን ነፍቶ «ዘራችን ንጹሕ ነው» ሲል እኔም አብሬ ኮራሁ። ዶክተሩም እንዲህ ከሆነ ያንቺና የአባትሽ መገጣጠም ይሆናል ብሎ ወረቀቱን ሊያጥፍ ነበር።

ልንነሳ ስንል ሴቶቹስ ብሎ ጠየቀ። የአባቴ እህቶች አልነበሩም ወይ ማለቱ ነው። ኦቦ ዳዲ «እነሱማ ተድረው ሄደዋል» አለ። ቦንሳ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ የጠፋ ፋይል ከተባለ የሚጠሩት እኔን ነው። የአዳዳ ጌጤነሽን ነገር ግን የት አድርጌው ነበር? ባኮ የተዳረችው አክስታችን፣ በየዓመቱ የበቆሎ እሸት በጆንያ የምትልክልን፣ አንተን በጀርባዋ ያሳደገችህ! በአርባ ሁለት ዓመቷ በሴቶች በሽታ ሞተች ተብሎ ተቀበረች፤ እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅንም። አዲስ ዓለም የተዳረችው አዳዳ ሃቦኔስ? ሆዷን ታመመች ተባለ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የሁሉም እናት፣ አያታችን አኮስ? አኮን እኔም አንተም አላየናትም፤ አባባ ልጅ ሳለ ነው የሞተችው።

ዶክተሩ የአኮን ስም ጠየቀ። አሥራ አንድ አባት የቆጠረው ሽማግሌ ከዘራውን እያሻሸ አቀረቀረ። የጠፋው መስሎኝ ነበር፤ አልጠፋውም። ቆይቶ «ዲንቂቱ» አለ። ስድሳ ዓመት ከአፉ ያልወጣ የእናቱ ስም ነው። ሆዷ ተነፍቶ፣ እሱ ውኃ እያጠጣት እንደሞተች ተናገረና በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ። ኦቦ ዳዲ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ዶክተሩም ወረቀቱን እንደገና ዘረጋው።

የማህፀንና የትልቁ አንጀት ካንሰር በአንድ ቤተሰብ ሲመላለሱ ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል አለን። እኔም በሳምንቱ ባኮ ሄድኩ። የአዳዳ ጌጤነሽን ልጅ ሃዋኒን አገኘኋት፤ የእናቷን የሐኪም ወረቀት በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣው ኖሯል። የማህፀን ካንሰር ይላል። የእኔም የሃዋኒም ደም ተቀድቶ ውጭ አገር ወዳለ ላቦራቶሪ ሄደ፤ ሰባት ወር ጠበቅን።

ውጤቱን ዶክተሩ ያስረዳኝን እኔ በገባኝ መንገድ ልንገርህ። ሰውነታችን ሁልጊዜ ራሱን እየገለበጠ ይጽፋል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። እኛ ቢሮ የተተየበ ደብዳቤ ሳይታረም እንደማይወጣ ሁሉ ሰውነትም ይህን ስህተት የሚያርም አለው። የአራሚውን ሥራ የሚያዝዝ ዘረመል ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ እንወርሳለን። የእኔ አንዱ ገና ስወለድ ጀምሮ ሥራ የማይሠራ ነው። ሌላው ብቻውን ሲለፋ ይኖርና አንድ ቦታ ላይ እሱም የተበላሸ እንደሆነ ስህተቱ እየተከማቸ ካንሰር ይሆናል። ይህ ከአኮ ወደ አባባ፣ ከአባባ ወደ እኔ የመጣ ነው። እርግማን አይደለም፣ የማንም ዓይን አይደለም፣ እማዬ ስትሰጋ እንደኖረችው አባባ የጠጣው ውኃም አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው። ሃዋኒ ነፃ ወጣች፤ ስልክ ላይ እልል አለችብኝ፣ እኔም ከልቤ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ፋይል መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ማልቀሴን አልደብቅህም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ዶርቃስ አሳበቀችብህ ብለህ እንዳትቆጣት፤ እኔ ነኝ የጨቀጨቅኳት። ቀበቶህ ላይ በሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስተሃል። ከፋርማሲ የኪንታሮት ቅባት እየገዛህ የመኪና ወንበር ውስጥ ትደብቃለህ። ያንን ቅባት አውቀዋለሁ ወንድሜ፤ ሁለት ዓመት የኔም ጓደኛ ነበር። ላይሆን ይችላል፣ እውነት ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ቢሆን እንደ ልጅነታችን ሳቅብኝ፣ በደስታ አብሬህ እስቃለሁ። ግን አዳዳ ሃቦኔ የሞተችው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንተ በመጪው ግንቦት ሠላሳ ዘጠኝ ይሞላሃል። እፈራለሁ ቦንሳ። እንዲህ ነው የምፈራው፤ ድንኳን ሲተከል ሁሉ ያንተ እየመሰለኝ ነው።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ቀጠሮ አስይዤልሃለሁ፤ ኮሎኖስኮፒውንም የደም ምርመራውንም። ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ የእኔ ደም ስላሳወቃቸው ያንተን ማግኘት እንደ እኔው ሰባት ወር አይፈጅም ተብያለሁ። ብትወርሰውም እንኳ ሞት አይደለም፤ በየዓመቱ በካሜራው እያዩ፣ ካንሰር ከመሆኑ በፊት የበቀለውን እዚያው ይለቅሙታል። እኔ ዘንድሮ ሄጄ ሁለት ትንንሽ ለቀሙልኝና በማግስቱ ቢሮ ገባሁ። ለንሳና ጋሮማ ለአሁኑ ምንም አያስፈልጋቸውም፣ ሲያድጉ ራሳቸው ይወስናሉ። ለጋራዡ ሥራ እንዳትጨነቅ፤ መኪና ይጠብቃል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሃዊ ሃያ ዓመት ሞላት፤ የእሷም ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ተመርመሪ ስላት እሺ አለችኝ፣ ደስ አለኝ። ቀኑ ሲደርስ ግን ልብሷን ሳትለብስ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ብቻዬን አልገባም፣ አጎቴ ሲመጣ አብረን ነው የምንገባው አለች። ለምኜአታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አባቷም መክሯታል፤ ወይ ፍንክች! ከማን እንደወረሰችው አንተም እኔም እናውቃለን። ዶክተሩ የሠራው የቤተሰባችን ወረቀት ላይ የእኛ ስም በቀለም ተጽፏል፤ የአንተና የሃዊ ብቻ በእርሳስ ነው ያለው።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ማታ ማታ ስምህን እየጠራች ትጸልያለች፤ ምን እንደጻፍኩልህ ታውቃለች፣ ጻፊለት ያለችኝም እሷ ናት። ተሻለ መናኸሪያ መጥቼ እቀበለዋለሁ ብሏል። ሃዋኒ ከባኮ በቆሎ እሸት ትልካለች፤ እናቷ እንደምታደርገው በጆንያ ነው። ዶርቃስን ሳምልኝ፣ ይህን ደብዳቤ በእጇ ስለተቀበለችልኝ አመሰግናታለሁ በላት። ጋሮማን ጉንጩን ንከስልኝ። ኦቦ ዳዲ ለለንሳ ልዩ ሰላምታ ልኳል። ስትመጡ ዘር መቁጠር አስተምራታለሁ ብሏል፤ ከአኮ ዲንቂቱ ነው የምጀምርላት አለ። ሃዊም ሰላም ብላሃለች፤ ከታኅሣሥ አሥራ ሁለት በፊት ባለው ምሽት ያንን ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት አብረን እንጠጣለን ብላ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጣለች። አንቺ ደም ብቻ ነው የምትሰጪው፣ አይመለከትሽም ብላት አልሰማችኝም። ኮቱ፣ ና ወንድሜ፤ ልጄ እየጠበቀችህ ነው።

እህትህ አሰፋሽ
አምቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.