«አባባ አርፏል»፦ ለእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከወንበርዎ ፊት ለፊት ለተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኛ እንደምንም አለን። ሣራችን ግን ከእኛ ይልቅ ደህና ነው፤ ለዚህም ምስጋናው ከእርስዎ አያልፍም።

ምናልባት ካላስታወሱን፣ ጽሕፈት ቤትዎ የግጦሽ ፈረቃ ማውጫ ሶፍትዌር ካደላቸው የወተት ላም አርቢዎች የአንዱ የበኩር ልጅ ነኝ። በመመሪያችሁ መሠረት መስካችንን በሽቦ ከፋፍለን፣ ላሞቹ አንዱን ክፍል ሲግጡ ሌላው እንዲያገግም አድርገናል። ወተቱ ጨምሯል፤ ይህን የምክድ ውለታ ቢስ አይደለሁም። ምስጋናዬን ግን በየተራው ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ስም አወጣጡ። አሠልጣኝዎ ከፕሮጀክተሩ ፊት ቆመው፣ በቁጥር ከሆነ ስለሚምታታ ለእያንዳንዱ መስክ የማንረሳውን ስም እንድንሰጠው መከሩን። አባታችን ምክር ሲሰማ እስከ ጥጉ ነበርና መስኮቹን በእኛው ስም ጠራቸው። ከውኃ ገንዳው አጠገብ ያለው ለምለሙ «እማማ» ተባለ። ሰፊው ሜዳ የእህቴን ስም ወሰደ። ድንጋያማው እኔ ሆንኩ፤ ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ተዳፋት ለራሱ አስቀረና «አባባ» አለው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃል አመራረጡ። በላሞቹ አንገት ላይ የታሰረው መሣሪያ ከብቶቹ አንድን መስክ ለቅቀው መውጣታቸውን ባወቀ ቁጥር ሶፍትዌሩ ወደ አባታችን ስልክ መልእክት ይልካል፤ እሱም በኩራት ለልጆቹ ሁሉ ያስተላልፈዋል። የመጀመሪያው «እማማ አርፋለች። መግባት ክልክል ነው» የሚል ነበር። ፋብሪካ የምትሠራው እህቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር እየጮኸች መጥታ እናታችንን ወተት ስታጣራ አገኘቻት። ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ማንም አልደነገጠም። በአማርኛችን መስክም ሰውም የሚያርፈው በአንድ ቃል መሆኑን ቃሉን የመረጡልን ባለሙያዎቻችሁ ሳያውቁ አይቀሩም፤ በትዕግሥት አለማመዱን።

ሦስተኛውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አልወድም። አባታችን ተዳፋቱ ላይ ሽቦ ሲወጥር ልቡ ቆመ። ሆስፒታል ያደረሰው ታናሽ ወንድሜ በእጁ የነበረው የአባታችን ስልክ ብቻ ነው። እህቴ ጋ ደወለ፤ ፋብሪካው ስልክ በር ላይ ስለሚያስቀምጥ አላነሳችም። ስለዚህ ጻፈላት። ሰው ለገዛ አባቱ «ሞተ» ብሎ ለመጻፍ ጣቱ እሺ አይለውምና፣ ጨዋውን ቃል መርጦ «አባባ አርፏል» አላት። አባታችንን አንቱ ብለን አድገን ቢሆን ኖሮ «አርፈዋል» የሚለው ቃል ከእርስዎ ሶፍትዌር አፍ ተለይቶ ባነቃት ነበር። በቤታችን ግን አባባ አንተ ነበር።

መጥታ ትደርሳለች ብለን ጠበቅናት። ቀብሩ ያለ እሷ አለፈ። ባትሪው አልቆ የነበረውን ስልክ ከቀብር መልስ ስንከፍተው መልሷ ተቀምጦ ጠበቀን፦

«ጥሩ፤ ትንሽ ይረፍ። በጣም ግጠነው ነበር።»

በስልክ ደግሞ ሊነግራት የደፈረ ከመካከላችን አልነበረም። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ፣ መልእክቶቻችሁን ማንበብ እንዲቀለው ብላ ለአባባ መነጽር ገዝታ መጣች። ከዚህ በኋላ የሆነውን አልጽፍልዎትም።

ወደ መስተንግዶአችሁ ልለፍ። የመስኩን ስም ለማስቀየር ጽሕፈት ቤታችሁ መጥቼ ነበር። ትሑቷ ሠራተኛችሁ ለውጡን መጠየቅ የሚችለው የመዘገበው ሰው በአካል ቀርቦ ብቻ መሆኑን ገለጹልኝ። አባታችን እንዳረፈ ነገርኳቸው። ኮምፒውተራቸውን ተመለከቱና ፊታቸው በራ። «አዎ፣ እዚህም አርፏል ይላል። በቅርቡ ይጨርሳል፤ ሲመለስ ይዘውት ይምጡ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ተስፋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

ሠራተኛዋም አልዋሹም። ብዙም ሳይቆይ፣ እናቴ ዛሬም ቻርጅ እያደረገች ከራስጌዋ በምታኖረው የአባባ ስልክ ላይ «አባባ ዕረፍቱን ጨርሷል። ነገ ይመለሳል» የሚል መልእክት ገባ። በማግስቱ ስነሳ የግቢው በር ተከፍቷል፤ ቡትስ ጫማው ተወልውሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እናቴን ምነው ስላት፣ መልእክቱ ስለ ሣሩ መሆኑን እንደማታጣው፣ ቢሆንስ ብላ ግን እንደከፈተችው ነገረችኝ። ልቆጣት አልቻልኩም። ላሞቹን ወደ ተዳፋቱ ስነዳ እኔም ዓይኔ ሽቦው ጥግ ጥግ ላይ ነበር። ድምፁን ሰማሁ አልልዎትም። አልሰማሁም፤ የከፋኝም እሱ ነው። ይኸው አሁን በየዙሩ አባታችን ያርፋል፣ ይመለሳል፤ እኛም በየዙሩ እንቀብረዋለን፣ በር ከፍተንም እንጠብቀዋለን። ሌላው ሰው አባቱን የሚያጣው አንዴ ብቻ ነው፤ እኛ ግን በእናንተ ቸርነት ፈረቃ ወጥቶልናል።

እህቴ ዛሬ ስልኳን ደብቃ ማሽኗ ድረስ ትወስዳለች፤ ከአባባ ስልክ «እማማ» የሚል ቃል በመጣላት ቁጥር ማሽኑን ትታ ትሮጣለች። ፋብሪካው የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ሰጥቷታል። አትደንግጪ እንዳንላት፣ አንዴ ሳትደነግጥ ቀርታ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሶፍትዌሩን እንዳንተው ደግሞ ያለ እሱ ወተታችንን የሚረከበን የለም። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «ተዘግቷል» ይበልልን። በር ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ማንም አያለቅስም።

ውድ ጊዜዎን በሬሳና በሣር ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ሥልጣንዎ ከመስካችን ሁሉ በላይ እንዲለመልም፣ እርስዎም ሳያርፉ ለረጅም ዘመን እንዲያገለግሉን ከልብ እመኛለሁ።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
ድንጋያማው መስክ

ግልባጭ፦ ለአባባ፣ ሲመለስ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ተቆጣጣሪዎ ላሞቹን ከእማማ መስክ ለምን እንደማናወጣ በቁጣ ጠይቀውናል። ከወጡ «አርፋለች» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ያን ቃል ደግሞ ማየት አንችልም። ያ ለምለም መስክ አሁን አቧራ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳልጨርስ በአባባ ስልክ «ማስጠንቀቂያ፦ እማማ ከመጠን በላይ ተግጣለች። በአስቸኳይ ትረፍ» የሚል መልእክት ገባ። እናቴ ስልኩን አቅርባ ሁለቴ አነበበችው፤ ከዚያም ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና «እውነቱን ነው» አለች። እኛ ግን ላሞቹን አላወጣንም።