ኦርፌሊን ስትባል አቤት ያለችው ልጅህ

ውድ ወንድሜ ዲገሪ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ሳልህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረትህን ያፍንሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬህ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ፣ ባለፈው መከር የተመለሱት ዓሣ አጥማጆች በሕይወት እንዳለህ፣ ኒውፋውንድላንድ ዓሣ እያደረቅህ እንደቀረህ ነገሩን። ተመስገን ብያለሁ። እኛ አለን፤ እማዬም አለች። እኔ ግን እንዳልዋሽህ ደክሞኛል።

የምጽፍልህ ስለ ልጅህ ስለ ዊልሞት ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔው ጋ ናት። አንተም ስትቀር የመንደሩ ሰው እንደ ወላጅ አልባ ቆጥሮ ኦርፌሊን ይላት ጀመር። አዲሱ ቄስ፣ «ይህን ቃል ከተማ ውስጥ የሚያውቀው የለም እኮ፤ ደግሞስ የአባቷን ሞት ማን አረዳችሁ?» ብለው ነበር። ማን ሰምቷቸው። አሮጊቷ ግሬስ እንኳ እንቁላል ልትሰጣት ስትጠራት «ኦርፌሊኗ፣ ነይ እስቲ» ነው የምትላት። ክፋት የላትም፤ ሲባል እየሰማች ያደገችው ነው።

የሆሳዕናን ወግ አልረሳኸውም። የደብሩ ሹም በቤተ ክርስቲያኑ በር ዳቦ ይዘው ቆመው ኦርፌሊን እያሉ ሦስት ጊዜ ይጣራሉ። አቤት ብሎ ዳቦውን የተቀበለ ልጅ የደብሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዘመድ በልጁ ጉዳይ አያገባውም፤ ደብሩ ለፈለገው ገበሬ ይሰጠዋል። ለዚህ ነው በየዓመቱ በዚያ ቀን እጇን ጨብጬ የምቆመው። ዘንድሮ ግን ትኩሳት ጥሎኝ ከአልጋዬ አልተነሣሁም፤ ብቻዋን ሄደች። በሦስተኛው ጥሪ አቤት አለች። ዳቦውን ሳትቆርሰው በቀሚሷ ጠቅልላ አመጣችልኝና፣ «አክስቴ፣ ብዪ። የታመመ ሰው ካልበላ ይሞታል» አለችኝ። ልቆጣት ብዬ አልቻልኩም፤ አለቀስኩ።

እንደተሻለኝ ሹሙ ዘንድ ሄጄ አባቷ በሕይወት አለ አልኳቸው። «ካለ የታለ ታዲያ፣ ታምሲን? እስቲ እዚህ በር ላይ አቁሚልኝ» አሉኝ። በመስከረም፣ በቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ ከወንዙ ማዶ ላለው ገበሬ ለዬኦ ትሰጣለች፤ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላት ታገለግለዋለች። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን በፊት አንተ ራስህ መጥተህ ልጄ ናት ካልክ ደብሩ ይተዋታል። ወረቀት ብትልክ፣ ሰው ብትልክ አይሆንም።

አልወቅስህም፤ ለወቀሳም ጉልበት ያስፈልጋል። መርከቦቹ ሲመለሱ ተሳፈር። የማትመጣ ከሆነም ቁርጡን ላክልኝ፤ መርከብ በመጣ ቁጥር ወደብ ወርጄ የሰው ፊት ማየት ታክቶኛል።

እማዬ ዓይኗ ቢደክምም ድምፅህን አልረሳሁትም ብላሃለች። ግሬስ ሰላም ብላሃለች፤ የሠራችልህን የሱፍ ካልሲ ከደብዳቤው ጋር ልካለች። ዊልሞትን ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ «ዘግይቶ ከመጣ እዚህ እንዳይፈልገኝ። የዬኦ ቤት ድልድዩን ተሻግሮ በስተግራ ሁለተኛው በር ነው በይው» አለችኝ።

እህትህ ታምሲን

ስታርኮም፣ ዴቨን
ከትንሣኤ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጌታ በተወለደ በ1612ኛው ዓመት