ኮሎኔሉ የዘለሉት ገጽ

ማክሰኞ፣ ማርች 6፣ 2018

እስክሪብቶውን ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝም። ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩ።

ኮሎኔሉ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ፈረንሳዊ ናቸው፤ የመሳፍንት ዘር፣ መኮንን፣ በኋላም ዲፕሎማት። የሚኒሶታ ሴት አግብተው ሴንት ፖል ቀሩ፤ አሁን እኔ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ይኖራሉ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የሕይወት ታሪካቸውን እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቅዳሜ በነዋሪዎቹና በቤተሰብ ፊት ያነቡታል። የአባታቸውን ግቢ፣ አልጄሪያን፣ ኒሻኑን ሁሉ ጨርሰን ዛሬ አዲስ አበባ ደረስን።

በጃንሆይ ዘመን በፈረንሳይ ኤምባሲ ወታደራዊ አታሼ ነበሩ። አንድ የምስጢር ፖስታ ጠፋ። ኢትዮጵያዊውን ተላላኪ ጠርተው ሲጠይቁት አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። "ዓይኔን ማየት የፈራ ሌባ ነው" ብለው ለፖሊስ ሰጡት። ለንቃታቸው ተመሰገኑ፤ በዚያው ከወታደርነት ወደ ዲፕሎማትነት ተሻገሩ። ፖስታው ከወራት በኋላ ከገዛ ካፖርታቸው ኪስ ተገኘ። ለማንም አልተናገሩም። ይህን ሲነግሩኝ ይስቃሉ!

ረቡዕ

ከምኖርበት ከኒው ሆፕ እስከ ሥራ ቦታ መሪውን እየደበደብኩ ነዳሁ።

እኛ ዘንድ ታላቁን ዓይን ዓይኑን የሚያይ ነው ባለጌ። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ወለሉን እያየሁ ነው ያናገርኳቸው። እኔንስ ምን ብለውኝ ይሆን?

"ስሙ ማን ነበር?" አልኳቸው። አያስታውሱም። ለምን ያህል ጊዜ እንደታሰረም አያውቁም፤ ሹመት መጥቶላቸው ሄደዋል። የአዛዣቸውን ፈረስ ስም ግን አልረሱም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

"ንጹሕ መሆኑን እንጨምርበት" ስላቸው፣ "አንቺ ጸሐፊ ነሽ እንጂ ዳኛ አይደለሽም" አሉኝ። ደሜ ፈላ።

ሐሙስ

ጨመርኩት። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ፦ ፖስታው ኪሴ ውስጥ ተገኘ፣ ሰውየው ንጹሕ ነበር። አሳየኋቸው። አንብበው ወረቀቱን ከሌሎቹ ገጾች ጋር አስቀመጡት።

አብራኝ የምትሠራው ጫልቱ፣ "አንቺ፣ የልጆች እናት ነሽ! ሺፍትሽን ካንስል ሳያደርጉብሽ አርፈሽ ተቀመጪ" አለችኝ። እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ባሰብኝ።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኮሎኔሉ ከረባት አስረው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው ማንበብ ጀመሩ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ያቺን ገጽ ገልበጥ አድርገው በቀጥታ ወደ ዲፕሎማትነታቸው አለፉ። ሰው አጨበጨበ።

ተነሣሁ። "ኮሎኔል፣ አንድ ገጽ ዘለዋል።" አለቃዬ ከበሩ ሥር እጇን እያወዛወዘች ተቀመጪ ትለኛለች። ኮሎኔሉ ወረቀቱን ዘረጉልኝ፤ "እንግዲያው አንብቢው።"

አነበብኩት። ያጨበጨበ የለም። ኮሎኔሉ "እውነት ነው" አሉ። ይቅርታ ግን የለም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ተጠርቻለሁ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። እፈራለሁ፤ ንዴቴም አልበረደልኝም። ግን ያ ሰው ሌባ እንዳልነበር አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል።