ተደገፈችበት ስለተባለው የእጅ መታጠቢያ

ለተከበሩ አቶ ኦድቫር ሹልስታድ
የላይኛው ደረጃ ቤቶች ማኅበር ሥራ አመራር ቦርድ ሊቀ መንበር
በርገን

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። በተለይ ወገብዎ፣ በፀደዩ ደቦ ዕለት የእጅ መታጠቢያዎቹን ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሲያመላልሱ የተጎዳው ወገብዎ፣ ሙሉ በሙሉ እንዳገገመ ተስፋ አደርጋለሁ። የጎረቤቴ የቦርግኒ ኮርኒስ ግን ገና አላገገመም።

አንቱ ስልዎ ግር እንዳይልዎት እለምናለሁ። እስከ ዛሬ "ኦድቫር" እያልኩ ስጠራዎት መኖሬን፣ በአገራችንም ከንጉሡ በቀር አንቱ የሚባል ሰው አለመኖሩን አልዘነጋሁም። ይሁንና ባለፈው ሰሞን ቦርዱ የላከው ደብዳቤ "የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ" ብሎ ስለጠራኝ፣ ቶርዲስ ሄግላንድ የሚለው ስሜ ከማዕረግዎ ከፍታ ላይ ሆነው ሲያዩት የማይነበብ መሆኑን ተረዳሁ፤ እኔም ለዚያ ከፍታ የሚመጥን አክብሮት ማሳየት ግድ ሆነብኝ።

ይህ ደብዳቤ በጋራው የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን በወሬ ብቻ ለሰሙ ጎረቤቶች በአጭሩ ላስታውስ። በፀደይ ወራት ቦርዱ ለየቤቱ አዲስ የእጅ መታጠቢያ ገዛ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራት ይልቅም በደቦ እንዲሰቀል ወሰነ። የእኔን በገዛ እጅዎ የሰቀሉት እርስዎ ነዎት። ባለፈው መኸር በአንድ እሑድ፣ እኔ እሑድን በእግር ጉዞ እንደሚያከብር የከተማችን ሰው ሁሉ ተራራ ላይ ሳለሁ፣ መታጠቢያው ከግድግዳው ተነቅሎ ወደቀ፤ ሲወድቅ ቧንቧውን ሰበረ፤ ውሃውም እኔ እስክመለስ ድረስ ሲወርድ ውሎ፣ ከሥሬ የምትኖረውን የቦርግኒ ቲስላንድን የመታጠቢያ ቤትና የኮሪደር ኮርኒስ አፈረሰ። በኮሪደሩ ቁም ሳጥን ውስጥ እናቷ በእጇ የጠለፈችላት የበዓል ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር። ቀዩ ክር ቀለሙን ለቆ ነጩን ሽርጥ በከለው።

ቦርዱም ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ መታጠቢያው የወደቀው "ነዋሪዋ በተደጋጋሚ ስለተደገፈችበት ሊሆን ይችላል" ሲል ደመደመ። ይህንኑ መደምደሚያ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለደረጃችን ነዋሪ በሙሉ፣ ለቦርግኒም ጭምር በየበሩ አደለ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ቅሬታ ሳይሆን፣ በተራ ቁጥር የተቀመጠ ምስጋና ነው።

1ኛ/ ስለ ሙያዎ አመሰግናለሁ። በዚያ ዕለት ስልክዎን ከመስተዋቱ ሥር አቁመው፣ አንድ ወጣት ሁለታችንም በማናውቀው ቋንቋ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ እየተመለከቱ፣ በካቻቢቴዎ ሲታገሉ ማየት ለዓይን ደስ ይል ነበር። ግድግዳው ሲመታ ባዶ ድምፅ እንደሚሰጥ በትሕትና ባመለክትዎ፣ "አይዞሽ ቶርዲስ፣ ይሄ እኮ ካንቺም ከኔም በላይ ይቆያል" አሉኝ። እነሆ እኔም አለሁ፣ እርስዎም አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛ ድር ግን አንበሳው ቀርቶበት፣ አንዲት መታጠቢያ እስከ መኸር አስሮ መያዝ አቃተው።

2ኛ/ ደቦ ምን እንደሆነ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። መታጠቢያው ከወደቀ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ ኃላፊው ማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ "ደቦ እኮ የሁላችንም ነው፤ የሁላችንም የሆነ ነገር ደግሞ የማንም ጥፋት አይሆንም" ብለው አስረዱኝ፤ አባላቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ አካሄድ እኔም በዕለቱ ግቢው ውስጥ ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣችንን ስጋግር ስለዋልኩ ከሰቃዮቹ አንዷ ነኝ ማለት ነው። ለነገሩ ከዋፍሎቼ አንዱም አልወደቀም፤ እርስዎ ቡናማውን አይብ ደራርበው ሲያነሷቸው እንኳ ጸንተው ነበር። ከደቦ የቀረ ሰው ዓመቱን ሙሉ በደረጃው ላይ በጎሪጥ እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን። በደቦ ሥራ የተማረረ ሰው ግን ጭራሹን እንደማይታይ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

3ኛ/ ከግድግዳው ውስጥ ያለው የማኅበሩ፣ ከግድግዳው ውጭ ያለው የነዋሪው ነው የሚለውን ደንብ ስለጠቀሱልኝ አመሰግናለሁ። ብሎኖቹ ግድግዳው ውስጥ ሳሉ የማኅበሩ ነበሩ፤ ተነቅለው ወለሉ ላይ ሲንከባለሉ የእኔ ሆኑ። ባልጠበቅሁት ሰዓት ንብረት ሲዛወርልኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

4ኛ/ ስለ መደገፉ። ሰባን ያለፈች ሴት ጥርሷን ስትቦርሽ መታጠቢያው ላይ እጇን ልታሳርፍ እንደምትችል አልክድም፤ በሩቁ ብቻ የሚታይ ዕቃ መሆኑን አስቀድመው ቢነግሩኝ ግን በሩቁ እታጠብ ነበር። በወደቀበት ሰዓት የተራራው ጫፍ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ሆኜ ተደግፌው ከሆነ፣ ክንዴ ቦርዱ ከገመተው በላይ ረጅም ነው። የቦርዱ አባላትም "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" እንደሚባለው፣ ካቻቢቴ የያዘውን ትተው ጥርስ መቦረሻ የያዘችውን ያዙ። ይህ ተረት ከእኛ በፊት የነበረ ስለሆነ በክቡርነትዎ ላይ የተነጣጠረ እንዳይመስልዎት።

5ኛ/ ይህን ደግሞ በምስጋና መልክ ላቀርበው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ቦርግኒ የዓሣ ሾርባ በሠራች ቁጥር የወጥ ቤቷን ኮርኒስ በመጥረጊያ እንጨት ትመታለች፤ እኔም ወለሌን በእግሬ ረግጬ እመልስላትና ማንኪያዬን ይዤ እወርዳለሁ። ባሌ በሞተ ጊዜ ቤት ዘግቼ ስቀመጥ፣ ሾርባ ባይኖርም እንኳ ትመታው ነበር። የቦርዱ ደብዳቤ ከደረሳት ወዲህ ግን አልመታችም። መጀመሪያ፣ የሚመታ ኮርኒስ ስለሌላት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የፈረሰው ግን የመታጠቢያ ቤቱና የኮሪደሩ ነው፤ የወጥ ቤቱ ደህና ነው።

በዚያ እሑድ ምሽት ቀሚሱን በክንዶቿ ታቅፋ ቆማ ሳለ፣ እርስዎ በዝናብ ቦቲዎ መጥተው ኮርኒሱን አይተው፣ "በርገን እኮ ነው፤ እዚህ ከተማ የማይረጥብ ምን አለ?" አሉ። ቦርግኒ ምንም አልመለሰችም። እርስዎ ስለማያውቋት ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቆጠሩት። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ያ ዝምታ አሁን ወደ እኔ ዞሯል። በደረጃው ላይ ስንገናኝ ጃንጥላዋን ታያለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለእኔ አባባል ብቻ አልነበረም፤ ልጄ ያለችው ሩቅ ሰሜን፣ ትሮምሶ ነው። እርስዎ የወሰዱብኝ ይህንን ነው፤ በጣምም አዝኛለሁ።

ስለዚህ ከቦርዱ የምጠይቀው ካሣ አይደለም፤ አዲስ መታጠቢያም አይደለም፤ ሌላ ደቦማ ፈጽሞ አይደለም። ቦርግኒ በር ላይ ቆመው፣ "የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ቶርዲስ ጥፋት የለባትም" እንዲሏት ብቻ ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር አጭር ናት፤ ቪዲዮም አያስፈልጋትም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወገብዎ ብርታት፣ ለካቻቢቴዎ ዘላቂ ዕረፍት እየተመኘሁ፣ በማንኛውም ነገር ላይ ሳልደገፍ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ የፈረምኩ፣

ታዛዥዎ
ቶርዲስ ሄግላንድ
የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ፈርሜ ልለጥፈው ስወርድ ቦርግኒን በሯ ላይ አገኘኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጃንጥላዋን ትታ እኔን አየችና፣ "ቶርዲስ፣ የኔም መታጠቢያ ዘንበል ብሏል፤ እኔ ደግሞ እርም ብዬ አልተደገፍኩትም" አለችኝ። ገብቼ አየሁት፤ እውነቷን ነው። እሱንም በዚያው ዕለት፣ በዚያው ቪዲዮ፣ በዚያው ካቻቢቴ የሰቀሉት እርስዎ ነዎት። ሾርባ ስለነበረ ተቀምጠን ደንቡን አብረን አነበብነው፤ ብሎኖቹ ገና ግማሽ በግማሽ ግድግዳው ውስጥ ስለሆኑ ጉዳዩ እስካሁን የማኅበሩ መሆኑን በዚህ አሳውቀናል። የፊታችን እሑድ ሁለታችንም ተራራ እንወጣለን፤ ረጅሙን መንገድ መርጠናል። ከቦርግኒ መታጠቢያ ቤት ሥር የማን መታጠቢያ ቤት እንዳለ ክቡርነትዎ ከማንም በላይ ስለሚያውቁ፣ በዕለቱ ጺምዎን በዝናብ ቦቲዎ ሆነው እንዲላጩ በአክብሮት እንመክራለን።